ጠጉር ቤቱን ማን ዘጋው?

የአንድ ጠጉር ቤት መዘጋት ዜና አይሆንም። ጋዜጣ ቦታ አይሰጠውም፤ ሬዲዮ አያነሣውም፤ በስብሰባ አጀንዳ ላይም አይሰፍርም። የሰፈሩ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲያልፍ በሩን ተቆልፎ ያገኘዋል፤ በሳምንቱ መስኮቱ ይነቀላል፤ በወሩ ቤቱ ራሱ አይኖርም። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው፤ «ዘመን ዘጋው» ይባላል። ይህ መልስ ከሹሙም፣ ከምሁሩም፣ ከሐዘንተኛው ደንበኛም አፍ በእኩል ይሰማል። ሦስቱ የተስማሙበት ነገር እውነት ስለሚመስል የሚመረምረው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መልስ መመርመር ነው። ዘመን እጅ የለውም፤ በር አይቆልፍም፤ ቆርቆሮ አይነቅልም፤ ጨረታም አያወጣም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ነው፤ ሰውም የሚሠራው በያዘው አስተሳሰብ እየተመራ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ጠጉር ቤቱን የዘጋው ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሆነና ይህ አስተሳሰብ ዛሬም በማን ዘንድ እንደሚኖር ነው።

ቤቱና አግዳሚው

የምንናገርለት ጠጉር ቤት በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ጉራንጉር ውስጥ ከአንድ ትውልድ በላይ የኖረው ዓይነት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። አንድ ወይም ሁለት የመቆረጫ ወንበር፣ ጠርዙ የጠቆረ መስተዋት፣ በመደርደሪያው ላይም መቀስ፣ ሚዶ፣ የእጅ ቶንዶስ፣ ምላጭ፣ የሳሙና ብሩሽና የአልኮል ጠርሙስ ይገኙበታል። ባለቤቱን ልጅ አዋቂው «ጋሼ» እያለ ይጠራቸዋል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ርዝመቱ የክፍሉን ያህል የሆነ የእንጨት አግዳሚ አለ።

ይህን አግዳሚ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ክርክራችን የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና። በአግዳሚው ላይ የሚሠራው ሕግ ተራ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቆረጣል። የመምሪያ ኃላፊው ከሊስትሮው በኋላ ከመጣ ከሊስትሮው በኋላ ይቆረጣል። ደላላውና መምህሩ፣ ዲያቆኑና ከጁምዓ ሶላት የተመለሰው ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ይጠብቃሉ። እዚያ ለመቀመጥ ሻይ ማዘዝ ወይም ቢራ ማስከፈት አያስፈልግም። ለመቆረጥ የሚበቃ ጠጉር ያልተረፋቸው ጡረተኛ እንኳ ጠዋት ገብተው እስከ ቀትር ቢቀመጡ «ምን ፈለጉ?» የሚላቸው የለም። ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዓይኑ የደከመ አጠገቡ ያለውን ወጣት «እስቲ አንብብልኝ» ይለዋል። የእድር መልእክት እዚያ ይተላለፋል፤ የሚከራይ ቤት ወሬ እዚያ ይገኛል፤ የተኳረፉ ጎረቤታሞች በአንድ አግዳሚ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው፣ ወደዱም ጠሉም፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

ጋሼም ከመቀሱ ሌላ ሙያ አላቸው። ጢሙን ለሐዘን ያሳደገ ሰው ሲገባ የቤቱ ጫወታ ዝቅ እንዲል ያደርጋሉ፤ ለምን እንዳሳደገ አይጠይቁትም፣ ያውቁታልና። ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጆቹን ተራ አስይዘው ያስቀምጣሉ፤ ወላጁ ሳንቲም ያልያዘለትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍሩ ቆርጠው ይሰዱታል። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ በእጃቸው ውስጥ ያልፋል። የአያትን፣ የአባትንና የልጅን ራስ በተራ የያዘ እጅ የሰፈሩን ዝምድናና ታሪክ ከማናቸውም የቀበሌ መዝገብ ይበልጥ ያውቃል።

በመሠረቱ ጠጉር በአገራችን ዝም ብሎ የሚበቅልና የሚቆረጥ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሕፃኑ ቁንጮ፣ የልጃገረዷ ጋሜና ሳዱላ፣ የባለትዳሯ ሹሩባ፣ የጦረኛው ጎፈሬ እድሜንና ማዕረግን፣ ሐዘንንና ደስታን የሚናገሩ ምልክቶች ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ የተዋደቁት አርበኞች ያሳደጉት ጠጉር ለወዳጅም ለጠላትም የሚነበብ ቃል ነበር። የከተማው ጠጉር አስተካካይ የዚህ ቋንቋ ወራሽ ነው። ቋንቋው ቢለወጥም አንባቢነቱ ከእርሱ አልተለየም።

ዘመን ምን ይመሰክራል?

እንግዲህ ወደ ክሱ እንመለስ። ጠጉር ቤቱ ለውጥን መቋቋም ስላልቻለ ሞተ ይባላል። የሙያው ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። በ1960ዎቹ ወጣቱ አፍሮ ሲያሳድግ የመቀስ ገበያ ያከተመ ሊመስል ይችል ነበር፤ ጠጉር አስተካካዩ ግን አፍሮውን በሚዶ እያነሣ በመቀስ ጫፍ ማክበብን ተማረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤድስ በሽታ በአገራችን መታየቱ ታውቆ ምላጭን በጋራ መጠቀም አደገኛ መሆኑ በየቦታው ሲነገር፣ እየሳለ የሚጠቀምበትን አሮጌ ምላጭ ትቶ አዲሱን በደንበኛው ዓይን ፊት ከወረቀቱ እየፈታ መላጨት ጀመረ፤ የራሱን ቶንዶስ ይዞ ለመጣም በያዘው ቆረጠለት። የኤሌክትሪክ ቶንዶስ ሲመጣ ገዛ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእጁን ቶንዶስ ከመሳቢያ አውጥቶ ሥራውን ቀጠለ። ፋሽንን፣ ወረርሽኝንና ቴክኒክን ተራ በተራ ያስተናገደ ሙያ ለውጥን አልቻለም ማለት ግፍ ነው።

ደግሞስ ጠጉር የሚቆረጥ ሰው ጠፋ? በየአስፋልቱ ዳር የተከፈቱት የወንዶች የውበት ሳሎኖች ሥራ አላጡም። በእነርሱ ውስጥ ከገቢው በፐርሰንት እየታሰበላቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩት ወጣቶች ታታሪ ባለሙያዎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የምንሰነዝረው ቃል የለንም። ሙያው በሕይወት መኖሩን የሚያስረዱልን ምስክሮቻችን እነርሱ ናቸው። የጠፋው አግዳሚው ነው። ኪራዩ ውድ በሆነ ክፍል ውስጥ ሳይቆረጥ የሚቀመጥ ሰው ኪሳራ ነው፤ በእርሱ ምትክ አንድ ተጨማሪ የመቆረጫ ወንበር ይገባል። ወጣቱ ባለሙያ ደግ ቢሆን እንኳ ጡረተኛውን በነፃ የማስቀመጥ አቅም የለውም። ሒሳቡ አይፈቅድለትም።

ስለዚህ ምርመራችን ወደ ኪራይ ይወስደናል። አግዳሚውን ለዓመታት ያቆመው የጋሼ ደግነት ብቻ አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ኪራይን ቀነሰ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠውን ቤቶች አስተዳደርም ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሰጠ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከዚያ ወዲህ ለዐሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነቃነቅ ኖረ። አሠራሩ ከባድ ጉድለት ነበረው፤ በዚያ ኪራይ ቤት አይታደስምና ግድግዳው ዘመመ፣ ጣራው አፈሰሰ። ሆኖም በከተማው እምብርት ትርፍ የማያስገኝ መቀመጫ እንዲኖር ያስቻለው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ላይ የሚገኙት የንግድ ክፍሎች በጨረታ ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሸጡ ነበር። መቀስ ይዞ ጨረታ የሚያሸንፍ የለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ነዋሪው በከተማው ዳርቻ ወዳሉ የተለያዩ ሰፈሮች ተበተነ። ጠጉር አስተካካዩ ምትክ መኖሪያ ቢያገኝ እንኳ አንዱ ደንበኛው በምሥራቅ፣ ሌላው በደቡብ ሆኗል፤ እርሱ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አግዳሚ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን «ግባ» ማለት አይቻልም። በሩን የዘጋው እንግዲህ ዘመን ሳይሆን የጨረታ ደንብ፣ የካሳ ስሌትና የቦታ ፕላን ነው። ሦስቱንም የሰው እጅ ጽፏቸዋል፤ የሰው እጅ ሊያርማቸውም ይችላል።

ልማትን ስለሚያነሡት

«ታዲያ ያ የዘመመ ሰፈር እንዳለ ይቀመጥ ነው የምትሉት?» የሚለን አይጠፋም። አንልም። ብዙ አባወራ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚገባበት፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያልፍበት ሰፈር ለነዋሪው መከራ ነበር። የሚናፍቀው ባልዲ ይዞ ያልተሰለፈበት ሰው ነው። ንጹሕ ቤት ለሰፊው ሕዝብ የሚገባ መብት ነው። ክርክራችን ከመሐንዲሱ ጋር ሳይሆን መሐንዲሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሚቆጥረው ጋር ነው።

ቆጣሪው ወደ ሰፈሩ ሲገባ ምን ይቆጥራል? ቤትን በካሬ ሜትር፣ ሰውን በአባወራ ይቆጥራል። ስለ አግዳሚው የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመኖሪያቸው የሚነሡ ሰዎች ማኅበራዊ ትስስራቸው በመቋረጡ ለሚደርስባቸው ጉዳት ካሳ እንደሚገባ ደንግጎ ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ሕግ አውጪው በጎረቤታሞች መካከል በካሬ ሜትር የማይለካ ሀብት መኖሩን አምኗል ማለት ነው። ነገር ግን ካሳው የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ተነሺ ለየብቻው ነው። ትስስሩ ግን የሚኖረው በሰዎቹ መካከል ነው፤ የሚኖርበትም ቦታ አለው። ለክሩ ጫፎች ተከፍሎ ለቋጠሮው ምንም አልተደረገም። ገንዘቡ በየኪሱ ገብቶ ያልቃል፤ ሰዎቹን እንደገና የሚያገናኝ ክፍል ግን አይሠራም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሥራቸው የሚዋረዱበት ልማድ አገርን እንደሚጎዳ ተገንዝበው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬ በአደባባይ ባለሙያን የሚሰድብ ሹም አናገኝ ይሆናል። ንቀቱ ግን ሌላ ልብስ ለብሶ በቅጹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለሙያው ከመሰደብ ድኖ ከመቆጠር ቀርቷል።

ቅርስን ስለሚጠብቁት

ቀጥሎ ወደ ቅርስ ባለሙያዎች እንምጣ። በፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ያገለገለው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ቅርስ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ቤቱም በረንዳና ሰገነት አለው። ሰገነት የሌለው ቤት ግን ተከራካሪ የለውም። የቅርስ መዝገባችን ልማዱ ማን እንደኖረ መጠየቅ ነው፤ ምን እንደተሠራበት አይጠይቅም።

ግዑዝ ባልሆነው ቅርስ ረገድም ነገሩ ከዚህ አይለይም። በ1996 ዓ.ም. በዩኔስኮ የጸደቀውንና አገራችን በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችውን ስምምነት የሚያነብ ሰው ማኅበራዊ ልማድም፣ ባህላዊ ዕደ ጥበብም በቅርስነት መካተታቸውን ያያል። በዚህ ስምምነት መሠረት መስቀል በ2006፣ ፍቼ ጫምባላላ በ2008፣ የገዳ ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀት በ2012፣ የሐረር ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ሁሉም የሚገባቸው ክብር ነው። ይሁንና ከአምስቱ አራቱ በዓላት መሆናቸው ስለ እኛ የሚናገረው ነገር አለ። ባህል በዓመት አንድ ቀን ነጭ ለብሶ የሚወጣ ነገር ይመስለናል። በዓል አክባሪው በዋዜማው ጠጉሩን የሚስተካከልበት ክፍል፣ የቀረውን ዓመት ከጎረቤቱ ጋር የሚያሳልፍበት አግዳሚ፣ በዓሉን የሚያከብረውን ማኅበረሰብ በየቀኑ የሚያበጀው እርሱ መሆኑ ይዘነጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው እንዳይሆን ያሰጋል።

ምላጩንና የእጅ ቶንዶሱን በመስተዋት ሣጥን አድርጎ በሙዚየም ማስቀመጥም መልስ አይሆንም። በሣጥን ውስጥ ያለ መቀስ ጠጉር አይቆርጥም፤ ሣጥኑ አጠገብም ተራ የሚጠብቅ የለም።

ስለ ከያንያን

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሹምና ስለ ቅርስ ባለሙያ ብቻ ጽፎ ከያኒውን ማለፍ አድልዎ ይሆናል። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር ትዝታ ይዘፈናል፤ የዛገ ቆርቆሮና የተሰነጠቀ በር በሸራ ላይ ተስሎ በአዳራሽ ይሰቀላል፤ አሮጌ ሬዲዮና አሮጌ የጠጉር ቤት ወንበር ለጌጥ ያስቀመጠ ቡና ቤት ይከፈታል። እውነተኛውን ወንበር ያጣ ሰው ለሐሰተኛው ከፍሎ ይቀመጣል። ኪነ ጥበብ ትዝታን የመግለጽ መብት አላት፤ ከትዝታ በቀር ሌላ የማትናገር ከሆነች ግን የአፍራሹ ረዳት ትሆናለች፤ ነገሩ የማይቀር እንደነበረ ለሕዝቡ በዜማ ታሳምናለችና። «ዘመን ዘጋው» የሚለውን ሐሰት ከሹሙ ይልቅ ያስፋፋው የዘፈን ግጥም ሳይሆን አይቀርም።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን የጻፈው ሰፈሩ ሞቅ ብሎ በነበረበት ጊዜ ስለነበረው ሕይወት ነው። ሰዎቹ እንዴት እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ ስላዳመጠ መጽሐፉ የናፍቆት ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ሰነድ ሊሆን ቻለ። ከያኒው ዛሬ ሊከተለው የሚገባው ይህን ማዳመጥ ነው፤ የፍርስራሹን አቧራ አይደለም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ

«አግዳሚው የወንዶች ብቻ ነበር» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ትክክልም ነው። ሴቶች እዚያ ቢመጡ ልጃቸውን ለማስቆረጥ ነበር እንጂ ለመጫወት አልነበረም። የእነርሱ አግዳሚ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በግቢው መካከል በዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የምትሠራትን ልጅ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ሹሩባ የምትጎነጉን ሴት፣ ዙሪያዋን የሚቀመጡት ጎረቤቶች፣ አጠገባቸው የሚፈላው ቡና አንድ ላይ ሲታዩ ያው ተቋም ናቸው። ግቢው ሲፈርስ ይኸኛውም አብሮ ፈርሷል፤ ምልክት ሰሌዳ ስለሌለው ደግሞ መዘጋቱ እንኳ አልታወቀም። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ ክርክራችንን ያሰፋዋል፤ በአዲሱ ከተማ የሚሠራው የጋራ ክፍል ለሁለቱም የሚበቃ እንዲሆንም ያስጠነቅቃል።

ምን ይደረግ?

መዝጊያውን የጻፈው የሰው እጅ ነው ካልን መክፈቻውንም ማመልከት ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ ከመፍረሱ በፊት የሚደረገው ቆጠራ ቅጽ ይስተካከል። ጠጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ሹሩባ ሠሪዋ በመኖሪያ ቤታቸው ስፋት ብቻ ሳይሆን በሙያቸው፣ በሠሩበት ዘመንና በሚያገለግሉት ሰፈር ይመዝገቡ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ተጨማሪ ገጽና የሚጠይቅ ሰው ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ በየአዲሱ መንደር በምድር ላይ ካሉት ክፍሎች ጥቂቱ ከጨረታ ወጥቶ በተመጣጣኝ ኪራይ ለተነሡት ባለሙያዎች ይሰጥ። በምላሹ ባለሙያው ራሱ ሊሠራበት፣ ለሌላ አሳልፎ ላያከራየው፣ ደቀ መዝሙር ሊያስተምርበት ውል ይግባ። የአንድ ሰፈር ተነሺዎችም በተቻለ መጠን በአንድ አካባቢ ይስፈሩ፤ ጎረቤታሞቹ ከተበተኑ ክፍሉ ብቻውን አግዳሚ አይሆንምና። ለመንገድ ዳር አበባና ለመብራት የሚበጀተው ገንዘብ ለአንዲት ክፍል አያንስም።

ሦስተኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ደብተር አስይዘው ወደነዚህ ቤቶች ይላኩ። እያንዳንዱ የሙያ ቤት የራሱ ቃላት፣ የራሱ ቀልድ፣ የራሱ የማስታረቂያ ዘዴ አለው። ይህ ሁሉ የሚገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በባለሙያው አፍ ነው። ከያንያን ደግሞ ሸራቸውንና መቅረጫቸውን ይዘው ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት ይድረሱ፤ ባለሙያው ገና ቆሞ ሳለ ይሳሉት፤ በስብሰባም ስለ እርሱ ይናገሩ።

አባቶች «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላሉ። መስተዋት የለበሰ ፎቅ፣ ሰፊ መንገድ፣ የተከረከመ ሣር የከተማ ጉተና ናቸው፤ ያምራሉ። ጉተናውን የሚሸከመው ራስ ግን ሰዎች ያለ ክፍያና ያለ ማዕረግ ተራ ጠብቀው አብረው መቀመጥ የለመዱበት ኑሮ ነው። ተራ መጠበቅን በአግዳሚ ላይ ያልተማረ ልጅ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ባለጉዳዩን በተራው እንዲያስተናግድ መጠበቅ ያስቸግራል።

ጠጉር ቤቱን የዘጋው እንግዲህ ሳይቆጥር የፈረመ፣ ሰገነት ካላየ ቅርስ የማይለው፣ ሲፈርስ ዝም ብሎ ፈርሶ ካለቀ በኋላ የዘፈነ ሁሉ ነው። ዛሬ ገና ያልተነሣ ሰፈር አለ፤ በውስጡም ነገ ጠዋት በሩን የሚከፍት ጠጉር አስተካካይ አለ። ቆጣሪው ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ቅጹ ይታረም።